በጆሮ የታረመው መጽሐፍ

ሰገነት እንደ ወትሮዋ የመጽሐፍ መደብሯን ከፍታ ደጁን ጠረገች፤ የመደርደሪያውን አቧራ አራገፈች፤ የተማሪ ደብተሮቹን ከፊት፣ መጻሕፍቱን ከኋላ ደረደረች። ደብተር ይሸጣል፤ መጽሐፍ ይጠብቃል። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ብሥራት ካረፈ ወዲህ የሶዶ ጠዋት እንዲህ ነው፤ ሥራው ያልቃል፣ ቀኑ ግን አያልቅም።

ዝናቡ ድንገት ሲወርድ አንድ ወጣት ለመጠለል ዘሎ ገባ። እዮኤል ነበር፤ ብሥራት ያስተማረው፣ አሁን መጻሕፍትን በድምፅ እየቀዳ በስልክ መተግበሪያ የሚያሠራጭ።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ሰገነት? ዝናቡ ነው ያመጣኝ።»

«ዝናብ ባይኖርማ ማን ይመጣል! ተቀመጥ ልጄ።»

እዮኤል መደርደሪያውን ቃኘ። «የጋሼ ብሥራት መጽሐፍ የለም?»

«ገሱባ ያሳለፈውን ልጅነቱን የጻፈበት? አልቋል። የቀረው የራሴ ቅጂ ብቻ ነው። ማተሚያ ቤት ሄጄ ነበር፤ የወረቀቱን ዋጋ ሲነግሩኝ አመስግኜ ወጣሁ።»

«እንግዲያው በድምፅ እናውጣው።»

ፊቷ ጠቆር አለ። ከብሥራት የቀረላት ያ መጽሐፍ ነው፤ እንዲጠፋ አትፈልግም፤ ማንም እንዲነካካውም አትፈልግም።

«ስማኝ እዮኤል። መጽሐፍ ቁጭ ብለው የሚያነቡት፣ ሲከብድ ወደ ኋላ ተመልሰው የሚገልጡት ነገር ነው። ባጃጅ ውስጥ ከጥሩምባ ጋር የሚሰማ ወሬ አይደለም።»

«ባጃጅ ውስጥም ይሰማል፣ አልዋሽዎትም። ግን ገሱባ ያለችውን አክስቴን ያስቧት። እንሰት ስትፍቅ ትውላለች፤ እጇ አይፈታም። አማርኛውን ከገበያ ለምዳዋለች፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም። ጋሼ የጻፉት ስለ እርሷ ሰፈር ነው፤ አንድ ቃል እንኳ አልደረሳትም። ለማን ነበር የጻፉት?»

«ለሚያነብ ነዋ!»

መልሱ ለራሷም አልጣማትም። ስለዚህ ሌላ ምክንያት ፈለገች። «ደግሞ በቴሌግራም ይበትኑታል። የደከመበትን ማንም በነፃ ይቀባበለዋል።»

«ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥተው ከበተኑት ቆዩ፣ እትዬ! ለእኔም ደርሶኛል፤ ያውም ሁለት ገጽ ጎድሎት፣ አንዱ ላይ የሰው አውራ ጣት ታትሞበት። በአግባቡ ሲወጣ ግን ሰሚው ይከፍላል፤ ድርሻዎም ይደርስዎታል።»

«ባለ አውራ ጣቱ ስሙንም ቢጽፍበት ደግ ነበር» አለች፤ ሳትወድ ፈገግ ብላ። ወዲያው ግን ፈገግታው ጠፋ። «ማንስ ያነበዋል? የአዲስ አበባ ተዋናይ? ብሥራት የመጽሐፉን ሰዎች በሶዶ አማርኛ ነው ያናገራቸው። አስተካክላለሁ ብሎ ያበላሽብኛል።»

«የሚያውቀው ሰው ያነበዋል። ጋሼ ሲያርሙት እንዴት ነበር?»

ሰገነት የእርማቱ ጊዜ ትዝ አላት። ብሥራት ጮክ ብሎ ያነባል፤ እርሷ እርሳስ ይዛ ረቂቁን ትከተላለች። ሥርዓተ ነጥቡን እንኳ አይዘልም፤ «ነጠላ ሰረዝ»፣ «አራት ነጥብ» እያለ ይሄዳል። እራት ላይ ክርክር ሲሰለቸውም «አራት ነጥብ!» ብሎ ይዘጋዋል። ለጆሮው ያልጣመውን ዓረፍተ ነገር ይሰርዘው ነበር። ያ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ተሰምቷል፤ የመጀመሪያዋ ሰሚም እርሷ ነበረች።

«በጆሮ ነበር» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ደክሞ። «እኔው አነበዋለሁ።»

የእዮኤል መቅጃ ክፍል ጠባብ ነው፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ፍራሽ ተደግፏል። ሰገነት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብላ አነበበችና ስትጨርስ «አራት ነጥብ» አለች።

«እትዬ፣ ነጥቡ አይነበብም እኮ!» ብሎ እዮኤል ሳቀ።

እርሷ አልሳቀችም። ውሃ ጠየቀች፤ ጠጣች፤ ከመጀመሪያው ጀመረች።

መጽሐፉ በድምፅ ከወጣ በኋላ የእዮኤል አክስት እንሰት እየፋቀች ሰማችው፤ ጎረቤቶቿም ሥራቸውን ይዘው ግቢዋ ገቡ። ዐይኑ የደከመ ጡረተኛ ሰማው፤ መንገድ ላይ የሚውል ሾፌር ሰማው። ሰምተው የታተመውን ፍለጋ መደብሯ ድረስ የመጡም አሉ። ሰገነትም ዛሬ ረቂቅ ይዞ ለሚመጣ ደራሲ ሁሉ የምትሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ወረቀት እስኪረክስ አትጠብቅ፣ ለሚሰማህ አድርሰው፤ በሕይወት ሳለህም ራስህ አንብበው።

ቀረጻው ሲያልቅ እዮኤል ለመግቢያ የምትሆን፣ ትንሽም ብትሆን፣ የጋሼ ድምፅ ካለች ብሎ ጠይቋት ነበር። ስልኳን ፈተሸች። ፎቶግራፍ ሞልቷል። ያን ሁሉ ዓመት ጮክ ብሎ ሲያነብ ማንም አልቀዳውም። የብሥራት ድምፅ የለም።