«ቀዩን ማስጠንቀቂያ እለፉት»

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ላፕቶፕ ያቀፈች ወጣትና አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ስልኳን ደጋግማ ስትመለከት አይተው ሽማግሌው ጠየቋት።

«ምን ሆንሽ፣ ልጄ?»

«ሸዋ ሮቢት ያለውን የአንድ ክሊኒክ ኮምፒውተር የማየው እኔ ነኝ፣ አባባ። የበሽተኞቹ ካርድ እዚያ ውስጥ ነው።»

«ተበላሸ?»

«ከፊት እንደ በረኛ የሚቆም ፕሮግራም አለ። ነርሶቹ ካርዱን የሚያዩበት ገጽ የእኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት ይዟል፤ ራሱ ያሳድሳል። እኔ ሁለቱንም ኮንቴይነር በሚሉት፣ ሲጠፋ ውስጡ ያለው አብሮ በሚጠፋ የፕሮግራም ሳጥን ውስጥ አደረግኋቸው። መብራት ሄዶ እንደ አዲስ በተነሳ ቁጥር ሰርተፍኬቱ ይጠፋል፣ ሌላ ይጠይቃል። በመጨረሻ ሰርተፍኬት ሰጪዎቹ አበዛችሁ ብለው ከለከሉን።»

«ታዲያ?»

«ኮምፒውተሩ ‹ይህ ገጽ አያስተማምንም› እያለ በቀይ ያስጠነቅቅ ጀመር። ለነርሶቹ ዝም ብላችሁ እለፉት አልኳቸው።»

«አለፉት?»

«ለመዱት። ዛሬ ጠዋት አንዷ አልፋ የገባችው ግን የእኛን ወደሚመስል የሌላ ሰው ገጽ ነው። የይለፍ ቃሏን ጻፈችለት።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ካርዱ ላይ ምን ይነበባል?»

«ስም፣ ሰፈር፣ በሽታው፣ መድኃኒቱ።»

«ሰውየው አይቶታል?»

«አላውቅም። የነርሷን መግቢያ ከሩቅ ሆኜ ዘግቼዋለሁ። አሁን ጥፋቱ የኔ መሆኑን ለኃላፊው ልነግር ነው የምሄደው።»

«ለበሽተኞቹስ ማን ይነግራቸዋል?»

ላፕቶፑን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«አላህ ይሰትረን፣ ገበናችንን ይሸፍንልን» አሉ ሽማግሌው። «የኔም ካርድ እዚያ ነው፤ በሽታዬን ልጆቼ እንኳ አያውቁም።»

በእጄ የያዝኩትን የክሊኒኩን የቀጠሮ ወረቀት አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።