በፌስታል የሸፈንኳት የጭስ መለኪያ

የጎረቤቴ ልጅ መሠረት የአየር ብክለት የምታጠና ኢንጂነር ናት። የከተማችንን የአዲስ ቅዳምን የከሰል ጭስ ልትለካ የእኔ አጥር ላይ አንዲት ትንሽ መለኪያ ሰቅላ ሄደች። በወሯ መጥታ ብታያት ግራ ገባት።

"እትዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ ከሰል እያከሰለ እርስዎ ግቢ ጭስ የለም?"

"እንዴት አይኖር ልጄ! በጨሰ ቁጥር እንዳትጠቁርብሽ ብዬ በፌስታል እሸፍናት ነበር እንጂ" አልኳት ኮራ ብዬ።

ራሷን ይዛ ቁጭ አለች። "የወር ልፋቴ! የትኛው ቀን እንደሸፈኗት እንኳ ባውቅ ቀሪው ይተርፍልኝ ነበር።"

ይኼንማ እኔን ነው መጠየቅ! ማን በየትኛው ቀን እንደለኮሰ፣ ማን እሑድን እንኳ ሳያከብር እንዳከሰለ አንድ በአንድ ዘረገፍኩላት። እየሳቀች ደብተሯን ሞላች።

"ተረፈልኝ! ከእንግዲህ አይሸፍኗት፤ ሰፈሩን ማየትዎን ግን አይተዉ።"

እሱንስ ባትነግረኝም አልተው።