የእትዬ ወርቄ ሁለት በሽታ

አክስቴን እትዬ ወርቄን ከሞላሌ አዲስ አበባ ያመጣኋቸው አንገታቸው ላይ ለወጣው እብጠት ነበር። የምርመራው ውጤት የደረሰ ዕለት ወጣቱ ሐኪም፣ «እማማ፣ እንቅርትዎ ውስጥ ካንሰር ተገኝቷል። ደግሞም የሰውነትዎ ተከላካይ ራሱ የእንቅርት ዕጢዎን ሲያጠቃ ኖሯል» አላቸው። እሳቸውም፣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው!» አሉ።

«የለም እማማ፣ ሁለቱ አብረው ሲገኙ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ ብዙም ሳይሰራጭ ይያዛል፤ የመዳን ተስፋውም የተሻለ ነው። ቀዶ ጥገናው ግን አይቀርም።»

እትዬ ወርቄ አሰብ አደረጉና፣ «ገባኝ። ተከላካይ ያልከው እንደኛ ቀበሌ ታጣቂ ነው። ዓመት ሙሉ እኛኑ ሲደበድብ ይከርማል፤ ሌባ የመጣ ዕለት ግን ዱላውን እንደያዘ ይገኛል» አሉ። ሐኪሙ ሳቁን ዋጠ። እኔ የመንግሥት አስተማሪ ነኝና በሩ መዘጋቱን አየሁ።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። ቁስሉ ጠግጎ ልንሰናበት ስንል፣ «ልጄ፣ ታጣቂውንም አብረህ አወጣኸው?» ብለው ጠየቁት።

«እሱ አይወጣም እማማ። ዕጢው ስለወጣ ግን የሚያጠቃው የለውም።»

«ውይ፣ አትስጋለት» አሉ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ «የሚደበድበው ያጣ ዕለት ግምገማ ይቀመጣል።»