ቀያሹ የረሱት ከፍታ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሲከራከር መስማት እወዳለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር የማወራው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ይሆናል። ባለፈው ዓመት በሰው አገር፣ በአንድ እንግዳ ማረፊያ ቁርስ ስበላ፣ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ የገዛ ቋንቋዬን ሰማሁ። ሰላምታ ተለዋውጠን ወንበሬን አስጠጋሁ። አዛውንቱ ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው፤ አብራቸው ያለችው የእህታቸው ልጅ ደግሞ ነርስ ናት።

የመጡበትን ጉዳይ ቀያሹ ራሳቸው አጫወቱኝ። ሟች ታላቅ ወንድማቸው ከአርባ ዓመት በፊት በዚህ ከተማ በአናጢነት ሠርተዋል። በደብዳቤያቸውም «ከድልድዩ መቶ ሃያ እርምጃ፣ በግራ በኩል ሦስተኛው ቤት፤ በሩን በእጄ የቀረጽኩት እኔ ነኝ» ብለው ጽፈዋል። ከሥራቸው የቀረው ይኸው በር ብቻ ነው። ቀያሹ ሦስት ቀን ሙሉ ቢፈልጉ በስፍራው ያገኙት የመስታወት በር ያለው ጃንጥላ መሸጫ ነው። በነጋታው ጠዋት ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።

«ጋሼ፣ አራት ሰዓት ላይ የሚነሳ የእግር ጉብኝት አለ» አለች ነርሷ። «አስጎብኚ አለው። ሁለታችንንም አስመዝግቤያለሁ።»

«ያን ሁሉ አገር የቀየስኩትን ሰውዬ፣ አንዲት ባንዲራ የያዘች ልጅ እንደ በግ ልትነዳኝ?»

«ታሳይዎታለች እንጂ ማን ይነዳዎታል?»

«የምታሳየኝማ የአክስቷን ልጅ ሱቅ ነው። ጎረቤታችን ቤተ መንግሥት ልይ ብሎ ሄዶ ምንጣፍ ተሸክሞ አልመጣም?»

እውነት ለመናገር ይህ ነገራቸው ሐሰት አልነበረም። እኔም አንድ ጊዜ ተሸክሜ አውቃለሁ።

«እንዲህ ያሉም አሉ» አለች ሳትቆጣ። «ስለዚህ ነው ፈቃድ ያላትን አጠያይቄ፣ ሱቅ ለሱቅ እንደማታዞር አረጋግጬ ያስመዘገብኩት። ሰነፍ ሐኪም አለ ተብሎ መታከም አይቀርም።»

«ካርታ አለኝ፣ ዓይን አለኝ። እርምጃዬ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው፣ አይዛነፍም። ደግሞ የተሸመደደ ወሬ ልስማ?»

እዚህ ላይ እኔ መሐል ገብቼ «ያነበበ ሰው መሪ አያሻውም» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ነርሷ ለእኔ በትሕትና ፈገግ ብላ ወደ አጎቷ ዞረች። «ጋሼ፣ ለቅየሳ የማያውቁት መንደር ሲገቡ መጀመሪያ ማንን ነበር የሚያስጠሩት?»

«ሽማግሌ ነዋ። የድንበሩን ድንጋይ የሚያውቅ።»

«መሣሪያ አልነበረዎትም?»

«ነበረኝ እንጂ። መሣሪያ የሚለካው ያለውን ነው። የነበረውንማ ሰው ነው የሚነግርሽ…» አሉና ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» አለች ቀስ ብላ።

«በገዛ ገመዴ አሰርሽኝ» አሉና ኮታቸውን አነሱ። እኔም ተመዝግቤ ተከተልኳቸው።

አስጎብኚዋ በዘንግ ጫፍ ቢጫ መሐረብ ያሰረች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ነርሷ ታስተረጉማለች፤ ቀያሹ ከኋላ እርምጃቸውን ይቆጥራሉ። ከድልድዩ ጥቂት አለፍ እንዳልን አስጎብኚዋ ቆመች።

«ከሠላሳ ዓመት በፊት ወንዙ ሞልቶ ሰፈሩን አጥለቀለቀው። ከዚያ በኋላ መንገዱ በአፈር ተሞልቶ አንድ ፎቅ ያህል ከፍ አለ። አሁን በር የሚመስላችሁ ሁሉ ድሮ የፎቅ መስኮት ነበር። የድሮዎቹ በሮች ከእግራችን ሥር ናቸው።»

ቀያሹ መቁጠራቸውን ተዉ። «ርዝመቱን ለካሁ፣ አቅጣጫውን ለካሁ» አሉ ለራሳቸው። «ከፍታውን ረሳሁ።» ለቀያሽ ከዚህ የባሰ ሐፍረት ያለ አይመስለኝም፤ እሳቸው ግን ለማፈር ጊዜ አልነበራቸውም።

አስጎብኚዋ እንደ ልማዷ ጃንጥላ ሻጩን አስፈቅዳ ወደ ምድር ቤቱ አወረደችን። በተሰበሩ የጃንጥላ እጀታዎች መካከል ከላይ እስከ ታች የቅጠል ሐረግ የተቀረጸበት በር ቆሟል። ቀያሹ ጎንበስ ብለው ታችኛውን ጥግ ዳሰሱ። ሦስት ጭረት አገኙ፤ አናጢ የነበሩት አባታቸው በመጋዛቸው እጀታ ላይ ያደርጉት የነበረው ምልክት ነው። ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው አለቀሱ።

አስጎብኚዋ ነርሷን ጠየቀች። «ስምንት ዓመት ሙሉ ለእንግዳ ሁሉ ‹ቀራጩ አይታወቅም› ስል ኖሬያለሁ። እሳቸው ያውቁታል እንዴ?»

ቀያሹ እንባቸውን ጠርገው የወንድማቸውን ስም ነገሯት። በማስታወሻዋ ጽፋ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ አረሟት፣ በሦስተኛው «ደህና» አሉ።

ስንመለስ የቀያሹ ምክር ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ ሆኖ ብቻ መዞር ጉብዝና አይደለም። ሦስት ቀን ያደከመኝን ነገር ይህች ሴት በአንድ ሰዓት አሳየችኝ። ካርታ መንገዱን ይነግርዎታል፤ መንገዱ ምን እንደደረሰበት የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ደግሞ እርስዎም ለአስጎብኚው የሚነግሩት አይጠፋም። ሲመርጡ ብቻ እንደ ልጃችን አጠያይቀው ይምረጡ።»

በነጋታው ሁለቱን ሸኝቼ ካርታዬን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩና ለአራት ሰዓቱ ጉብኝት እንደገና ተመዘገብኩ። ምድር ቤቱ ስንደርስ አስጎብኚዋ ማስታወሻዋን ሳትገልጥ በሩ ፊት ቆመችና የቀራጩን ስም ጠራች። አልተሳሳተችም።