ከክኒኑ ቀጥሎ አንዲት ማንኪያ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ወዳጅም ባላንጣም «ተልባው» እያለ የሚጠራቸው መምህር፣ ከዘይት ጨማቂ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የተወለዱ የበኩር ልጅ ነበሩ። በአባታቸው መጭመቂያ ቤት ተልባ እያበጠሩ አድገው፣ ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጽመው የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆኑ በኋላ፣ በተልባ ዘይት ውስጥ ያሉት የስብ አሲዶች የተቆጣ አንጎልን ያረጋጉ እንደሆነ ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን ፈጁ። እህታችንን ባገቡበት ዕለት እንኳ እጃቸው ዘይት ዘይት ይሸት እንደነበር እርሷ እየሳቀች ታወራለች። ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

ኋላ ግን ያው የአንጎል መቆጣት እያንፈራገጠ የሚጥል ሕመም ሆኖ በገዛ ቤታቸው ገብቶ እህታችንን ጣላት። ሐኪሙ ያዘዙላትን ክኒን እየዋጠች፣ በላዩም የባሏን ዘይት እየጠጣች ደህና ሆነች፤ ይህን የሰሙ ነጋዴዎችም ዘይቱን በመምህሩ ስም «የአንጎል ፈውስ» ብለው ሊሸጡ አዳራሽ ተከራዩ። ዘይቱ በሚመረቅበት ዕለት ማለዳ እህታችን ወጥ ቤት ውስጥ ወድቃ ተንፈራገጠች።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ሐኪሙ መምህሩን ክኒኑን መቼ እንዳቆመች ቢጠይቋቸው፣ አላቆመችም ብለው ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። ትልቋ ልጃቸው ግን እናቷ «የባሌ ዘይት እያለ ክኒን ምን ያደርግልኛል» ብላ ከተወችው መሰንበቷን እያለቀሰች ነገረቻቸው። አቤት፣ ያን ጊዜ ፊታቸው አመድ መሰለ! ነጋዴዎቹ አዳራሹ ሞልቶ ይጠብቃል ብለው ሲመጡባቸው፣ ዘይቱ ምናልባት የመድኃኒት ረዳት ይሆን እንደሆነ እንጂ ምትኩ አለመሆኑን፣ ሚስታቸውም በእርሳቸው ታምና ሞት አፋፍ መድረሷን እዚያው ኮሪደሩ ላይ በሰው ሁሉ ፊት ተናግረው፣ ስማቸውን ከጠርሙሱ ላይ እንዲፍቁ አዘዙ። አብደዋል ተባሉ፤ የዕድሜ ልክ ድካማቸውን አፈር አስገቡት ተባለ። እርሳቸው ግን ትዳን አትዳን ሳያውቁ፣ ዓይኗን እስክትገልጥ ከአልጋዋ አጠገብ ንቅንቅ አላሉም።

ተመስገን፣ ገለጠች። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ክኒኑን በእጃቸው ሰጥተው፣ መዋጧን በዓይናቸው አይተው፣ ከዚያ በኋላ ነበር ዘይቱን በማንኪያ የሚያቀምሷት። የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ሲያውላቸውም ይህን አላስታጎሉም። ባረፉበት ዕለት አንደበታቸው ተይዞ በዓይናቸው ወደ ክኒኑ ቢያመለክቷት፣ ፊት ለፊታቸው ዋጠችላቸው፤ ማንኪያውን ለማንሣት ግን አቅም አላገኙም።

መምህራችን ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውንና በሕይወት ያቆዩዋትን ባለቤታቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ ጠዋት ክኒኗን ብቻዋን ዋጠች፤ ዘይቱን ግን አልነካችውም። የደከመች ነፍሳቸውን ፈጣሪ በሰላም ይቀበልልን፤ ለእህታችንም ነገ ማንኪያውን በገዛ እጇ የምታነሣበትን ብርታት ይስጥልን። አሜን።