ቋ ቋ የምትለዋ ፒካፔ

ያቺን አሮጌ ፒካፔን ታስታውሷታላችሁ አይደል? የፊት እግሯ አልቆ ነበርና ጉድጓድ በነካች ቁጥር ቋ! ቋ! ትላለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው አፓርትማችን ስትታጠፍ ድምፅዋ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ላሠራት ስል ባለቤቴ «ተዋት ባክህ፣ ትሄድ የለ!» ትለኛለች። አንድ ቅዳሜ ግን ሳልነግራት አሌክሳንድሪያ የሚሠራ መካኒክ ጓደኛዬ ዘንድ መኪናዋን ወሰድኳት። በክሪክ አንስቶ ጎማውን ነቅነቅ ቢያደርገው እንደ ልጅ ጥርስ ተወዛወዘ። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጎማ አንድ ቀን ቤልትዌይ አውራ ጎዳናው ላይ ቀድሞህ ቤት ይገባ ነበር!» ብሎ የእግሯን መገጣጠሚያ ቦል ጆይንቱንም አሞርዛተሩንም በአዲስ ቀየረልኝ።

ስመለስ መኪናዋ እንደ ድመት ነው የሄደችው። ቤት ስገባ ምን አየሁ መሰላችሁ? አብረውን የሚኖሩት አማቴ ጋሽ በየነ ደም ግፊት አለባቸው፤ ሐኪሙ ጥሬ ሥጋና ጨው ከልክሏቸው፣ ባለቤቴ ራሷ እኔን ዘበኛ አድርጋ ሾማኝ ነበር። እሳቸው ሆዬ ሶፋው ላይ ተደላድለው ጥሬ ሥጋውን በሚጥሚጣ ያወርዱታል! ቆራጯ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ባለቤቴ! ስታየኝ ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ጋሽ በየነ ግን አልደነገጡም። የጎረሱትን ረጋ ብለው ዋጡና «በምን መጣህ?» አሉኝ።

«በመኪናዬ ነዋ፣ ጋሼ።»

«አልሰማናትም እኮ!»

«ዛሬ አሠራኋት።»

ተነሥተው በመስኮት ቁልቁል አዩዋትና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ዓይነት መካኒክ ነው ደህናዋን መኪና ያበላሸብህ?»