መድኃኒቱን በስብ ብንጠቀልለውስ?

ክፍል ሙሉ ሰው ስቆባችሁ ያውቃል? እኔ ኮሮና ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት፣ ጂንካ የጤና ረዳቶች ሥልጠና ላይ ተስቆብኛል። አስተማሪያችን ዶክተሩ ሰሌዳው ላይ ሴል ሥሎ፣ "አር ኤን ኤ የሚባለው የሴል መልእክተኛ መድኃኒት በሆነ ነበር። ግን ደም ውስጥ ይበጣጠሳል፤ ቢደርስም የሴሉ ሽፋን ስብ ስለሆነ አያስገባውም" አለን። እጄን አወጣሁ። "ታዲያ መልእክተኛውንም በስብ ብንጠቀልለውስ?" ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከኋላዬ አንዱ፣ "ዲመካ ገበያ ሂጂና ቅቤ ግዢለት!" አለ። ዶክተሩም አብሮ እየሳቀ፣ "ተቀመጪ እህቴ" አለኝ።

ጆሮዬ ጋለ። ከሠልጣኞቹ ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ አማርኛዬም እንደ አፍ መፍቻዬ አሪኛ አሪኛ ይላል። ግን አልተቀመጥኩም። "ሽፋኑ ስብ ከሆነ፣ ስብ የለበሰ ለምን አይገባም? ይመልሱልኝና እቀመጣለሁ" አልኩት። ሳቁ ቆመ። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ፣ "እውነቱን ልንገርሽ፣ ውጭ አገር ይህንኑ የሚሞክሩ አሉ፤ አንብቤያለሁ" አለ። "ታዲያ ለምን ሳቁብኝ?" አልኩት። ጠመኔውን ዘረጋልኝ። ወደ ሰሌዳው ወጣሁና በመልእክተኛው ዙሪያ የስቡን ቀለበት፣ ያ ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ሳይቀር እንዲያየው፣ አወፍሬ አሰመርኩት።